«ይታገሱ» የማን ነው?

በፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ፣ አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙን አንጠራውም፤ በዚያ ቤት ዘንድ ስም መጥራት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኗልና። ሥራው ግን የታወቀ ነው። ነጋዴዎች ዕቃቸውን ከሌላው ዕቃ የሚለዩበትን የንግድ ምልክት መርምሮ ይመዘግባል፣ ወይም መርምሮ አይመዘግብም፣ ወይም ይመረምራል። አብዛኛውን ጊዜ ይመረምራል።

በጥቅምት ወር አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ወይዘሮ ሰብለ ይታገሱ ማመልከቻዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከዚህ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ደረሰች።

ሰብለ በከተማው ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። አያ ይታገሱ በቡሬ ገጠር በርበሬ ሲያለሙ የኖሩ ገበሬ ነበሩ፤ ዛላው በጣት ሲነካ ካልተንኮሻኮሸ ከቤታቸው አይወጣም። ነጋዴ አይሱዙውን ደጃቸው አቁሞ ቢለምናቸው እንኳ «ገና ነው» ብለው ይመልሱታል። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ዛላውን እየቀነጠሰች፣ እያስፈጨች፣ በግማሽ ኪሎ ላስቲክ እያሸገች መሸጥ ያዘች፤ በላስቲኩም ላይ «የይታገሱ በርበሬ» ብላ አሳተመችበት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ላስቲኩን ከፍቶ የፈተሸ ደንበኛ አልነበረም። ስሙን አንብቦ ይወስዳል።

ዘንድሮ ግን ከደምበጫ በኩል ተስፋው የሚባል ነጋዴ ብቅ አለ። ላስቲኩ ያው፣ ፊደሉ ያው፣ ቅላቱ ያው፣ «የይታገሱ በርበሬ» የሚለውም ያው። ልዩነቱ ዋጋው በግማሽ ማነሱና ከውስጡም ግማሹ ቀይ አፈር መሆኑ ብቻ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ወጡን ሠርቶ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭበት የሚመጣው ወደ ሰብለ ነው። አንዲት የስምንት ዓመት ደንበኛዋ ላስቲኩን መደቧ ላይ አኑራ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ፣ «አባትሽ ቢኖሩ ይህን ያደርጉት ነበር?» ብላት ሄደች። ሰብለ ያን ቀን ከዚያ በኋላ አንድም ላስቲክ አልሸጠችም።

አጠገቧ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትሸጠው ናዚፋ ናት መላውን ያመጣችው።

«ስሙን አስመዝግቢዋ» አለቻት።

«ያባቴን ስም?»

«አዎ።»

«ያባቴ ስም የኔ አይደለም እንዴ?»

«ያንቺማ ነው። ወረቀት የለውም እንጂ።»

ሰብለ ወረቀት ፍለጋ የመጣችው እንዲህ ሆኖ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ከሌሎች ባለጉዳዮች ጋር ተቀመጠች። የቤቱን ጨዋነት ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው። ሠራተኞቹ ባለጉዳይ አያመናጭቁም፣ አይቆጡም፣ ሂድ ና አይሉም። ያላቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱንም ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ በፍጹም አክብሮት ይሉታል፤ «ይታገሱ»።

ረፋዱ ላይ በመስኮቱ በኩል አንዲት ጸሐፊ ብቅ ብላ «ወይዘሮ ሰብለ ይታገሱ» አለች።

ሰብለ ከወገቧ ጎንበስ ብላ «እሺ፣ ምን ገዶኝ» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ለካስ መንግሥት ቤትም ሰው በስሙ እየተጠራ ነው ታገሺ የሚባለው ብላ ተገረመች። ከሰዓት በኋላም ተባለች። ማክሰኞም ሁለት ጊዜ ተባለች። በሦስተኛው ቀን የምርመራ ባለሙያው ሙንዲር፣ ፋይል በእጁ እንደያዘ ወጣ። ወጣት ነው፤ የትምህርት ወረቀቱ ገና ሽታው አልለቀቀውም።

«ወይዘሮ ሰብለ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ስንጠራዎት ለምን አይገቡም?»

«መቼ ጠራችሁኝ? ይታገሱ አላችሁኝ፤ ታገስኩ።»

«እሱ እኮ ስምዎ ነው።»

«የኔ ስም ሰብለ ነው። ይታገሱ አባቴ ናቸው።»

ሙንዲር ሳቁን በፋይሉ ጋረደው። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነውና «በተደጋጋሚ ተጠርተው ያልቀረቡ» የሚል ማስታወሻ ከማመልከቻዋ ጋር አያይዞ ወደ ውስጥ አስገባት።

በቅጹ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ «የቤተሰብ ስም» ይላል። ሰብለ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። ሙንዲር ቤተሰቡ በሙሉ በአንድነት የሚጠራበት ስም ማለት እንደሆነ አስረዳት። እሷም አሰበችበት። ባሏ የሚጠራው በአባቱ ነው፣ ልጆቿ የሚጠሩት በባሏ ነው፣ እሷ የምትጠራው በአባቷ ነው።

«ሁላችንም ባንድነት የምንጠራው ለእራት ብቻ ነው» አለችው።

ሙንዲር በቦታው ላይ «በመጣራት ላይ» ብሎ ጻፈበት።

ጉዳዩ እንዲህ ባለ ምክንያት ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ወንድምአገኝ ቀረበ። አቶ ወንድምአገኝ ነገርን ከሥሩ የሚመረምሩ ሰው ናቸው፤ ሥሩን ሲመረምሩም ቅርንጫፉ እስኪደርቅ ድረስ አይቸኩሉም። «የአባት ስም ለንግድ ምልክትነት ያለውን ብቁነት አጣሪ ኮሚቴ» የተባለ ኮሚቴ በዚያው ሳምንት አቋቁመው፣ ራሳቸውን ሰብሳቢ፣ ሙንዲርን ጸሐፊ አደረጉ። በመክፈቻውም ላይ ቆመው ተናገሩ።

«የስም ጉዳይ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ስም ከአባት ይመጣል፤ አባት ደግሞ የብዙዎች አባት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ይታገሱ የሚለውን ስም ለአንዲት ነጋዴ ብንሰጥ፣ የሌሎች ይታገሱዎች ልጆች ነገ በምን ስም በርበሬ ይሸጣሉ?»

ጥያቄው ከባድ ነበር። በርበሬ የሚሸጥ ሌላ የይታገሱ ልጅ ይኑር አይኑር ማንም አላነሳም፤ ቢነሳ ስብሰባውን ያሳጥረው ነበር። ይልቁንም በየቀበሌው ስንት ይታገሱ እንዳለ የሚጠይቅ ደብዳቤ ወጣ። መልሱ ቀስ በቀስ ገባ። ከቆጋ መስኖ አካባቢ የመጣው እንዲህ ይላል፤ በቀበሌያችን ሦስት ይታገሱ አሉ፣ ሁለቱ ስንዴና ድንች ያመርታሉ፣ ሦስተኛው በመስኖ ውኃ ተራ የተነሳ ከሁሉ ጋር የተጣላ ስለሆነ ስሙ ይገባዋል ለማለት እንቸገራለን። ኮሚቴው ሁለት ተኩል ብሎ መዘገበ።

ከዚህ ሁሉ የከፋውን አደጋ ያወቀው ግን ሙንዲር ነው። ምልክቱ ለሰብለ ከተመዘገበ ሌላ ሰው በሥራው ላይ ያለ ፈቃዷ ሊጠቀምበት አይችልም። ታዲያ ይህ መሥሪያ ቤት ባለጉዳዩን ምን ሊል ነው?

አቶ ወንድምአገኝ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ሙከራ ይደረግ አሉ። አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ለግማሽ ቀን ያህል፣ ማንም ሠራተኛ «ይታገሱ» እንዳይል ተከለከለ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ባለጉዳይ ይገባል፤ ሠራተኛው አፉን ከፍቶ የሚለው ያጣል፤ የሚለው ሲያጣ ማመልከቻውን ይቀበላል፤ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ ማየት ስለሚያሳፍር ይፈርምበታል። ከምሳ በፊት አሥራ አንድ ጉዳይ አለቀ። ሁለቱ ከአምና የተላለፉ ነበሩ። አግዳሚው ባዶ ሆነ። አቶ ወንድምአገኝ ይህ በዚሁ ከቀጠለ የመሥሪያ ቤቱ አስፈላጊነት ጥያቄ ውስጥ እንደሚገባ ተገንዝበው፣ ሙከራው በተሳካ ሁኔታ እንዲቋረጥ አዘዙ።

ቀጥሎ ቃሉ ስም ነው ወይስ ግስ ነው የሚለው ተነሳ። ለዚህም የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ተጠርተው በክብር ወንበር ተቀመጡ። ሰብለም በአመልካችነቷ ጥግ ላይ ነበረች። መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ የኮሚቴውን ሐተታ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ በዝግታ መለሱ።

«ለአባቷ ስም ነው። ለእናንተ ግስ ነው። ለባለጉዳዩ ደግሞ ዕድሜ ነው።»

አቶ ወንድምአገኝ እጅ ነሱ። በቃለ ጉባኤውም ላይ «መሪጌታ ለባለጉዳዮቻችን ረጅም ዕድሜ ተመኝተዋል» ተብሎ ተጻፈ። ሰብለ ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መሬት አየች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ታኅሣሥ ወጥቶ ጥር ገብቷል። የተስፋው ላስቲክ ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ፣ ሰብለ ከምትቀመጥበት አራት መደብ ራቅ ብሎ ይሸጣል። የእሷ ደንበኞች ግማሹ ቀርተዋል። የቀሩት መቅረታቸው ሳይሆን፣ የሚያልፉት ሰላም እያሏት ላስቲኩን በጥርጣሬ ማየታቸው ነው የበለጠ የቆረጣት። አንድ ቀን ትዕግስቷ አለቀና የተስፋውን ላስቲክ ገዝታ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃም ይዛ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። በርበሬውን ውኃው ውስጥ በማንኪያ ጨመረች። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። ቅላቱ ከላይ ሰፈፈ፤ ከታች ጣት የሚያህል ጭቃ ተኛ።

«ይኸው ነው ያባቴ ስም የተለጠፈበት» አለች።

ኮሚቴው ብርጭቆውን በጥሞና ተመለከተ። አቶ ወንድምአገኝም ከፍ ባለ ሐዘኔታ አስረዷት።

«ወይዘሮ ሰብለ፣ እኛ ውስጡ አይመለከተንም። የምንመዘግበው ላዩን ነው።»

ሆኖም ብርጭቆው ሳይጠቅም አልቀረም፤ ነገሩን ወደ ፍጻሜው ገፋው። አቶ ወንድምአገኝ ደንቡን ገልጠው አነበቡ። የሰው ስም እንዲሁ በባዶው የንግድ ምልክት አይሆንም። ሕዝቡ ስሙን በሰማ ቁጥር የአንድን ሰው ዕቃ ወይም የአንድን ቤት አገልግሎት የሚያስብ ከሆነ ግን፣ ስሙ ልዩ መለያ አግኝቷልና ለዚያ ሰው ወይም ለዚያ ቤት ይመዘገባል። ስለዚህ ሕዝቡ ይጠየቅ። ሰብለ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ገበያው ያውቃታል፤ ቡሬም ያውቃታል።

ጥናቱ የተካሄደው በሳይንሳዊ መንገድ ነው። ገበያ ድረስ መሄድ የሥራ ሰዓት ስለሚሻማ፣ ሙንዲር ወረቀቱን ይዞ እንዲጠይቅ የታዘዘው እዚያው ደጃፍ፣ አግዳሚው ላይና ከአግዳሚው ተርፎ ፀሐይ ላይ የቆመውን መቶ ባለጉዳይ ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ይታገሱ» ሲባል ምን ትዝ ይልዎታል? ሰብለ ከዛፉ ሥር ቆማ ትሰማለች። የመጀመሪያው ተጠያቂ በጣቱ ወደ መስኮቱ ጠቆመ። ሁለተኛው፣ የት ተቀምጠን ነው ይህን የምትጠይቀን ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛዋ አለቀሰች። ሲጠቃለል ከመቶው ዘጠና ሰባቱ ይህን መሥሪያ ቤት፣ ሁለቱ በርበሬ፣ አንዱ ሟች አጎቱን ጠቅሰዋል።

ውሳኔው በየካቲት መጀመሪያ ተነበበ። «ይታገሱ» የሚለው ቃል በረጅም ዘመን ተከታታይ አገልግሎት በሕዝብ ዘንድ ልዩ መለያነት ያገኘው በዚህ መሥሪያ ቤት ስም ስለሆነ፣ ምልክቱ ለመሥሪያ ቤቱ ተመዝግቧል። አመልካች ወይዘሮ ሰብለ ከዛሬ ጀምሮ በቃሉ መጠቀም አቁማ፣ በእጇ ያለውን የታተመ ላስቲክ በአሥር ቀን ውስጥ ገቢ ታድርግ።

ሰብለ ተስፋውስ ብላ ጠየቀች። ኃላፊው ይህንንም አስበውበት ነበር። ተስፋው ማመልከቻ አላስገባም፤ ማመልከቻ ያላስገባ ሰው መዝገብ ላይ የለም፤ መዝገብ ላይ የሌለን ሰው ደግሞ እንዴት አድርጎ መከልከል ይቻላል?

የምስክር ወረቀቱ በመስተዋት ገብቶ ኮሪደሩ ላይ፣ ከመግቢያው ፊት ለፊት ተሰቀለ። በስቅላቱ ዕለት አቶ ወንድምአገኝ ለሠራተኞቹ አጭር ማሳሰቢያ ሰጡ። ሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት እንደሚሰረዝ ሕጉ ይደነግጋልና፣ ቃሉን ሳንጠቀምበት የምንውልበት አንድም ቀን እንዳይኖር አሉ። ሠራተኞቹ ይህን መመሪያ ከሌሎቹ መመሪያዎች ሁሉ በተሻለ ፈጸሙት።

ሰብለ በርበሬዋን ያለ ስም፣ በተፈታ ማዳበሪያ መሸጥ ጀመረች። የሚያውቃት ቆንጠር አድርጎ ቀምሶ ይወስዳል፤ የማያውቃት ያልፋል።

«ወላሂ፣ ያባት ስም ሲወረስ ገና አየሁ» አለቻት ናዚፋ። «ቤት ሲወረስ ሰምቻለሁ፣ መሬት ሲወረስ ሰምቻለሁ። አሁን አንቺ ሰብለ ማን ልትባይ ነው?»

«ሰብለ ባዶ» አለች ሰብለ። ልትስቅ ጀምራ ሳይሆንላት ቀረ።

በአሥረኛው ቀን የታተሙትን ላስቲኮች በማዳበሪያ አሸክማ መሥሪያ ቤቱ ደረሰች። ሙንዲር ኮሪደሩ ላይ ተቀበላት፤ ዓይኗን ማየት አፍሮ የመረከቢያ ቅጽ ሲሞላ፣ ከደጅ ሁለት ሚኒባስ ተከታትለው ቆሙ። ሃያ የሚያህሉ ሰዎች ወረዱ። አንዳንዱ ሆዱን ይዟል፣ አንዳንዱ ሰው ተደግፏል። ከፊት የሚመሩት እማሆይ እህተ ማርያም የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው የተከፈተ የግማሽ ኪሎ ላስቲክ ይዘዋል።

ነገሩ ወዲያው ተሰማ። በደምበጫ ገጠር ዝክር ተዘክሮ ነበር። ወጡ የተሠራው በተስፋው በርበሬ ነው፤ የበላው ሁሉ ሦስት ቀን ተኛ። ሰዎቹ ሲያገግሙ ተስፋው ዘንድ ሄዱ። ተስፋውም ምንም ሳይደናገጥ፣ እኔ ተራ ቸርቻሪ ነኝ፣ የስሙ ባለቤት ፍኖተ ሰላም ነው፣ ወረቀቱንም ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፣ ሂዱና አንብቡ አላቸው። መጥተው አነበቡ። አንድ ጎልማሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ማኅተሙ ላይ ያለው ሳይቀር አነበበላቸው። «ይታገሱ» የተባለው ምልክት ብቸኛ ባለቤት ይህ መሥሪያ ቤት ነው ይላል።

አቶ ወንድምአገኝ ከቢሯቸው ወጥተው ሕዝቡን አዩ። ወረቀቱን ከግድግዳው እንዲያወርድ ሙንዲርን በዓይናቸው ጠቀሱት፤ ነገር ግን ጎልማሳው መስተዋቱን በጀርባው ተደግፎ ቆሞ ነበር። ኃላፊው ያኔ ወደ ቢሯቸው ተመልሰው ሰብለን አስጠሯት። በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ያልታየ ነገር የታየው በዚህ ጊዜ ነው፤ ደብዳቤ በአንድ ትንፋሽ ተተየበ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት።

«ደስ ይበልዎት። ኮሚቴው ጉዳዩን በድጋሚ አይቶታል» አሉ ወረቀቱን እየዘረጉላት።

ሰብለ ቶሎ አልተቀበለችም። ኮሚቴው መቼ ተሰብስቦ እንዳየው አልጠየቀችም፤ ወረቀቱን ግን በጣቷ እየተከተለች ቃል በቃል አነበበችው። ምልክቱ ማመልከቻዋን ካስገባችበት ከጥቅምት ወር ጀምሮ የወይዘሮ ሰብለ ይታገሱ ሆኖ እንዲቆጠር ይላል።

«ቀኑ ልክ አይደለም» አለች።

«ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው ወይዘሮ ሰብለ። የአራት ወር መብት እንዳይቀርብዎት።»

«የሚሰጡኝ የአራት ወሩን አፈር ነው ጌታዬ። ከዛሬ ጀምሮ ብለው ይጻፉልኝ። እስከ ዛሬ የተበላው የባለ ወረቀቱ ነው።»

ከውጭ የዱላ ድምፅ በሩን መታ። አቶ ወንድምአገኝ በሩን አዩ፣ ሰብለን አዩ፣ ደግመው በሩን አዩ። ሁለተኛው ደብዳቤ ከመጀመሪያውም ፈጥኖ ወጣ። ሰብለ ይህንንም እስከ ቀኑ ድረስ አነበበች። ከዚያ አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፤ ማዳበሪያዋንም ከሙንዲር እግር ሥር አንስታ ተሸከመችና ሰዎቹን ይቅርታ እያለች ወደ ደጅ አለፈች። ሰኞ በተስፋው ላይ የምታጽፈውን ክስ በልቧ እያዘጋጀች ነበር።

የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ አቶ ወንድምአገኝ ከኋላዋ ወጡ። ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ሕዝቡ ዘረጉ፤ ቃሉ ከአምስት ደቂቃ ወዲህ የሰው ንብረት መሆኑንም ዘንግተው፣ በለመደ አንደበታቸው፣ በፍጹም አክብሮት ተናገሩ።

«ይታገሱ።»

እማሆይ እህተ ማርያም ዱላቸውን ተመርኩዘው ቀና አሉ።

«እሱንማ ልጄ፣ በልተነው ነው የመጣነው።»